በእይታ ነርቭ ዕጢ የታመሙ ሕፃናት ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚኖራቸው የዓይን ብርሃን

በሕፃናት የእይታ ነርቭ ላይ የሚበቅለው ዕጢ ከሌሎቹ የልጅነት ዕጢዎች በአንድ ጠባዩ ይለያል፤ ይኸውም ሕይወት የማጥፋት ኃይሉ አነስተኛ፣ የዓይንን ብርሃን የመንጠቅ ኃይሉ ግን ከፍተኛ መሆኑ ነው። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች በዚህ ዕጢ ከሚታመሙት ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በሕይወት ይኖራሉ፤ ስለዚህ የሕክምናው ውጤት የሚመዘነው ልጁ ተረፈ ወይስ አልተረፈም በሚለው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ሰሌዳውን ማንበብ ይችላል ወይ፣ መንገድ ሲሻገር ከጎኑ የሚመጣውን ባጃጅ ያያል ወይ በሚለውም ጭምር ነው። ይህ ዝግጅት በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ እንዲሁም ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር በምትገኘው በበደሌና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች የዚህን ሕመም ምንነት፣ በጨረር የሚሰጠውን ሕክምናና ከሕክምናው በኋላ የልጁ እይታ ምን እንደሚሆን ያብራራል።

የእይታ ነርቭ የሚባለው ከዓይን ኳስ በስተኋላ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚዘልቅ የነርቭ ክሮች እሽግ ሲሆን፣ በውስጡ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚደርሱ እጅግ ቀጫጭን ክሮች ይገኛሉ። ሬቲና የተባለው፣ የዓይንን የውስጥ ግድግዳ የሸፈነው ብርሃን ተቀባይ ስስ አካል ያገኘውን መልእክት ወደ አንጎል የሚልከው በእነዚህ ክሮች አማካይነት ነው። ከቀኝና ከግራ ዓይን የሚነሡት ሁለት ነርቮች ከአንጎል ሥር ይገናኛሉ፤ መገናኛቸው ካያዝማ ይባላል፤ እዚያም ከየዓይኑ ከሚመጡት ክሮች ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት ወደ ማዶ ተሻግረው፣ የቀሩት በመጡበት ጎን ቀጥለው ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ይጓዛሉ። ከካያዝማው አጠገብ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍልና ፒቱታሪ የተባለው ሆርሞን አመንጪ አካል ይገኛሉ፤ የልጁን እድገት፣ የጉርምስናውን ጊዜ፣ ረሃቡንና ጥማቱን የሚቆጣጠሩት እነዚህ ናቸው። ይህን አቀማመጥ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ዕጢው የበቀለበት ስፍራ የጉዳቱን ዓይነት ስለሚወስን ነው፤ ዕጢው በአንደኛው ነርቭ ላይ ብቻ ከሆነ የሚጎዳው አንድ ዓይን ሲሆን፣ በካያዝማው ላይ ከሆነ ግን ሁለቱም ዓይኖች፣ አልፎም የሆርሞኑ ሥርዓት ይነካሉ።

በዚህ ስፍራ የሚበቅለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ግሊዮማ ከሚባለው ወገን ነው። ግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሴሎችን አቅፈው የሚደግፉና የሚመግቡ ሴሎች ሲሆኑ፣ ግሊዮማ ከእነርሱ የሚመነጭ ዕጢ ነው። በልጆች የእይታ ነርቭ ላይ የሚገኘው ግሊዮማ በአብዛኛው በዓለም የጤና ድርጅት አመዳደብ ዝቅተኛውን፣ ማለትም 1ኛውን ደረጃ የያዘ ነው፤ አዝጋሚ ነው፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም እምብዛም አይዛመትም፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ሕክምና ለዓመታት ባለበት ይቆማል። ከታማሚዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ሕመሙ የሚገኝባቸው 10 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው የልጅነት ካንሰር መርሐ ግብር ውስጥ አገሮች ሁሉ ቅድሚያ እንዲሰጧቸው ከመረጣቸው ስድስት ሕመሞች አንዱ ይህ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ግሊዮማ ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2023 የሚዘልቅ የሕፃናትና የታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ብሔራዊ ዕቅድ አውጥታ ነበር።

እዚህ ላይ ከሌላ የልጆች የዓይን ካንሰር ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው ካንሰር የሚነሣው ከነርቩ ሳይሆን ከሬቲናው ሲሆን፣ ምልክቱም በዓይኑ ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ ነው፤ ይህኛው ቶሎ ካልታከመ የሚገድል ስለሆነ፣ የልጇን ዓይን ብሌን ነጥቶ ያየች እናት ቀን ሳትቆጥር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት። የነርቭ ግሊዮማ ግን ብሌኑን አያነጣም፤ ከውጭ ሲታይ ዓይኑ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ አስቸጋሪነቱም ከዚሁ ይጀምራል።

አዋቂ ሰው የአንድ ዓይኑ ብርሃን ሲቀንስ ያውቃል፣ ይናገራልም። የ3 ወይም የ4 ዓመት ሕፃን ግን ዓለም ቀድሞውንም እንዲሁ ይመስለዋል፤ አንዱ ዓይን ሲደክም በሌላው እየተመለከተ ይጫወታል፣ ይሮጣል፣ ወላጆቹም ምንም አይጠረጥሩም። ምልክቶቹ ሲገለጡም ብዙ ናቸው፤ ቀድሞ ቀና የነበረው ዓይን መሸወር ይጀምራል፣ ወይም ዓይኑ ያለ ፈቃዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ወይም አንደኛው ዓይን ከሌላው ይልቅ ወደ ውጭ ገፍቶ ይታያል፤ ልጁ ሥዕል ለማየት አንገቱን ያዘነብላል፣ ዕቃን ወደ ፊቱ እጅግ ያስጠጋል፣ በአንድ ጎኑ ካለ በርና ወንበር ጋር ደጋግሞ ይጋጫል። ዕጢው በሃይፖታላመስ አካባቢ ሲሆን ደግሞ ጨቅላው በደንብ እየጠባና እየበላ ከሲታ ይሆናል፤ ወይም ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት፣ ወንድ ልጅ 9 ዓመት ሳይሞላው የጉርምስና ምልክት ያሳያሉ። የአንጎል ፈሳሽ መተላለፊያ ሲዘጋ ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታትና ማስታወክ ይከተላል፤ ይህ ለነገ የማይባል ምልክት ነው።

ማንኛውም ወላጅ ያለ መሣሪያ በቤቱ ሊያደርገው የሚችል አንድ ፈተና አለ። የልጁን አንድ ዓይን በእጅ መዳፍ ሸፍኖ በሌላው ትናንሽ ነገሮችን እንዲያነሣ ማድረግ፣ ከዚያም ተራውን ለውጦ መድገም ነው። ልጁ አንደኛው ዓይኑ ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላኛው ሲሸፈን ግን እጅን እየገፋ የሚያለቅስና የሚቆጣ ከሆነ፣ ያልተሸፈነው ዓይን በደንብ እንደማያይ መጠርጠር ይገባል። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ሆኖም ልጅን ወደ ሐኪም ለማድረስ በቂ ምክንያት ነው።

ከነርቭ ግሊዮማ ጋር እጅግ የተቆራኘ አንድ የውርስ ሕመም አለ፤ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ፎን ሬክሊንግሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1882 የገለጸው ይህ ሕመም በግምት ከ3,000 ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይገኛል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በእይታ ነርቭ መሥመር ላይ ግሊዮማ ያበቅላሉ። ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ሕመሙን ከወላጃቸው የወረሱት ሲሆን፣ የቀሩት ግን በቤተሰባቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩ ናቸው። ዋናው ምልክቱ በቆዳ ላይ የሚታዩ ከቀሪው ገላ የጠቆሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ናቸው፤ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ባልደረሰ ልጅ ገላ ላይ እያንዳንዳቸው ከ5 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ 6 ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ያሉ ነጠብጣቦች ከተቆጠሩ፣ በተለይም በብብትና በብሽሽት ጥቃቅን ጠቃጠቆ ከታየ፣ ልጁ ቢያንስ 8 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ዓይኑን መመርመር አለበት። ብዙ እናቶች እንዲህ ያለውን ነጠብጣብ የእርግዝና ጊዜ አምሮት ያመጣው ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ለሐኪም አያነሡትም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለክትባትና ለክብደት ልጁን በሚያዩበት ጊዜ ገላውን ጭምር ቢመለከቱ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የብዙ ልጆችን ዓይን ሊያተርፉ ይችላሉ።

ሕመሙ ከተጠረጠረ በኋላ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚመለከተው የዓይኑን የኋላ ግድግዳ ነው። በዚያ የሚታየው የነርቩ ራስ በጤናው ጊዜ ቀላ ያለ ሲሆን፣ ክሮቹ ሲሞቱ ይገረጣል፤ መገርጣቱ ጉዳቱ መቆየቱን ያመለክታል። ቀጥሎ የሚያስፈልገው በመግነጢስ ኃይል የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ኤምአርአይ ነው። በመቱ ካርል ሆስፒታል፣ ማለትም ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት በመሠረቱትና በኢሉባቦር ብዙ በደከሙት በካርልሃይንዝ ቦም ስም በሚጠራው ተቋም የሚገኝ የጤና ባለሙያ የልጁን እይታ ለክቶ፣ የዓይኑን የኋላ ክፍል ተመልክቶ ጥርጣሬውን በሪፈር ወረቀቱ ላይ በግልጽ ከጻፈ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ግማሽ ሥራው አልቆ ይጀመራል ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ሥውርነት ጥናት እንዳሳየው፣ ለዓይነ ሥውርነት ዋነኛ ምክንያቶቹ 49.9 በመቶ የዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶ ደግሞ ትራኮማ የሚያስከትለው የብሌን ጠባሳ ናቸው፤ ስለዚህ የባለሙያው ሐሳብ አስቀድሞ ወደ እነዚህ ቢሄድ ተገቢ ነው። ይሁንና ዓይኑ ከውጭ ጥርት ብሎ እየታየ ብርሃኑ የቀነሰ ልጅ ሲመጣ፣ ችግሩ ከብሌኑ ጀርባ፣ ከነርቩ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግድ ነው።

ስለ ሕክምናው ሲነገር በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕጢ ያለበት ልጅ ሁሉ ወዲያው አለመታከሙ ነው። ዕጢው ባለበት ቆሞ፣ እይታውም ሳይቀንስ ከቆየ፣ ሐኪሞች በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ እየለኩ ይጠብቃሉ። ይህ መጠበቅ ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ ዕጢ አለ እየተባለ ዝም መባሉ ቸልታ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጠሮው እስከተከበረ ድረስ መጠበቁ ራሱ ሕክምና ነው። ቀጠሮው ሲቀር ግን ሕክምና መሆኑ ያበቃል፤ ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መንገድ በሚያበላሽበት፣ የቡናው ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ሰውን ሁሉ በሚያጠምድበት በዚህ አገር የቀጠሮው ቀን ሲወሰን ቤተሰቡ መቼ መምጣት እንደሚችል ለሐኪሙ በግልጽ መናገሩ መልካም ነው።

እይታው መቀነስ ከጀመረ ግን ሕክምናው ይጀመራል። ቀዶ ሕክምና በዚህ ዕጢ ላይ ያለው ድርሻ የተወሰነ ነው፤ ዕጢው ከነርቩ ክሮች ጋር ተጋምዶ ስለሚያድግ እርሱን ቆርጦ ማውጣት ነርቩንም ቆርጦ ማውጣት ይሆናል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ ማየት ያቆመ ዓይን ገፍቶ ሲወጣ፣ ወይም የተዘጋውን የአንጎል ፈሳሽ ለማስተንፈስ ነው። በዛሬው ጊዜ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ዕጢ መድኃኒት ሲሆን፣ ካርቦፕላቲንና ቪንክሪስቲን የተባሉት ሁለቱ መድኃኒቶች በስፋት ይሠራባቸዋል። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በሚገኙ በርካታ ማዕከላት ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ባለባቸውና ኬሞቴራፒ በወሰዱ 88 ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ከልጆቹ 32 በመቶ እይታቸው እንደተሻሻለ፣ 40 በመቶ ባለበት እንደቆመ፣ 28 በመቶ ደግሞ እንደቀነሰ ዘግቧል። ከዚህ ጥናት የሚገኘው ትልቁ ትምህርት ሕክምናው በምስል የሚታየውን ዕጢ ማሳነሱና ልጁ ማየቱ ሁልጊዜ አብረው አለመሄዳቸው ነው፤ ዕጢው እያነሰ እይታ ሊጠፋ፣ ዕጢው ሳያንስ እይታ ሊሻሻል ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዕጢውን ሴል የእድገት ትእዛዝ የሚያግዱ እንደ ሴሉሜቲኒብና ትራሜቲኒብ ያሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ ዋጋቸው ግን ከአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አቅም እጅግ የራቀ ነው።

የጨረር ሕክምና ታሪኩ ሌላ ነው። ከኬሞቴራፒ በፊት በነበሩት አሥርት ዓመታት በዚህ ዕጢ ለታመመ ልጅ የሚሰጠው ዋነኛ ሕክምና ጨረር ነበር፤ ዕጢውንም በማቆም ረገድ ዛሬም ቢሆን ከጨረር የሚበልጥ ኃይል ያለው ሕክምና ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። የጨረር መጠን ግሬይ በተባለ መለኪያ ይለካል። ለነርቭ ግሊዮማ የሚሰጠው አጠቃላይ መጠን ከ45 እስከ 54 ግሬይ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ ጤነኛውን አንጎል ስለሚያቃጥል በቀን 1.8 ግሬይ እየተከፋፈለ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ወይም ለ6 ሳምንታት ይሰጣል። በእያንዳንዱ ቀን ልጁ በፊቱ ልክ የተሠራ ጭንብል ለብሶ ሳይንቀሳቀስ መተኛት አለበት፤ በራሱ ጸንቶ መተኛት ለማይችል ትንሽ ልጅ ደግሞ በየቀኑ የማደንዘዣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ጨረሩ አይታይም፣ አያምም፤ ከማሽኑ የወጣ ልጅም በገላው ጨረር ተሸክሞ አይወጣም፤ ስለዚህ እናቱ ልታቅፈው፣ ወንድምና እህቶቹ አብረውት ሊተኙና ሊበሉ ምንም የሚከለክላቸው ነገር የለም። ይህን በሚገባ መንገር የሚያስፈልገው ከሕክምና የተመለሰ ልጅ በጎረቤትና በትምህርት ቤት እንዳይገለል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ያለው ሕክምና ለምን ወደ ኋላ ተደረገ ቢባል፣ መልሱ ከዓመታት በኋላ በሚታዩት ጉዳቶች ውስጥ ይገኛል። ጨረሩ በካያዝማው አካባቢ ሲያልፍ ሃይፖታላመስንና ፒቱታሪን ስለሚነካ የእድገት ሆርሞን ያንሳል፣ ልጁም ቁመቱ ይቀጭጫል፤ በአጠገቡ የሚያልፉት የአንጎል ደም ሥሮች ከዓመታት በኋላ እየጠበቡ ገና በልጅነት ስትሮክ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ጨረር ሲያገኘው የማስታወስና የመማር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ባለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ አደጋው ይከፋል። በእንግሊዝ አገር የእይታ ነርቭ ግሊዮማ ያለባቸውን የዚህ ሕመም ታማሚዎች ለረጅም ጊዜ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ጨረር ከወሰዱት 18 ሰዎች በ9ኙ ላይ ሌላ አዲስ ዕጢ መብቀሉን፣ ጨረር ካልወሰዱት 40 ሰዎች ግን ይህ የደረሰው በ8ቱ ላይ መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም ዛሬ የብዙ ሐኪሞች አቋም ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ላለበት ልጅ ጨረርን በተቻለ መጠን መተው፣ ለሌሎቹም ቢሆን ልጁ ከፍ እስኪል በኬሞቴራፒ እያዘገዩ መቆየት፣ ኬሞቴራፒው ሲከሽፍና እይታው መውረዱን ሲቀጥል ግን ጨረሩን ሳይፈሩ መስጠት ነው። ይህ አቋም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኬሞቴራፒው እየሠራ አለመሆኑ እየታወቀ ልጁ ብርሃኑን እስኪያጣ ድረስ ጨረሩን ማዘግየትም ጥፋት ነው።

ከጨረር በኋላ እይታው ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ምን ያህል ያይ ነበር በሚለው ነው። የነርቭ ክር አንድ ጊዜ ከሞተ ተመልሶ አይበቅልም። ዕጢው ክሮቹን ጨቁኖ ሥራ ቢያስፈታቸውም እስካልሞቱ ድረስ፣ ጭቆናው ሲነሣላቸው መልእክታቸውን እንደገና ማስተላለፍ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጨረር ካገኙት ልጆች መካከል ጥቂት የማይባሉት እይታቸው ሲሻሻል፣ አብዛኞቹ በነበሩበት ይጸናሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሕክምናው ቢሰጣቸውም ይቀንሳሉ። ነርቩ ገርጥቶ፣ ዓይኑ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት እንኳ መለየት ካቆመ በኋላ ጨረሩ የጠፋውን ብርሃን አይመልስም። ወላጆች ይህን ከሕክምናው በፊት ሊነገራቸው ይገባል፤ የሚታከመው የጠፋው እንዲመለስ ብቻ ሳይሆን የቀረው እንዳይጠፋ ነው።

ለውጡም ወዲያው አይታይም። በሕክምናው ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ዕጢው ለጊዜው ሊያብጥ ስለሚችል እይታው ትንሽ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ በምስልም ዕጢው ያደገ ሊመስል ይችላል። ከዚያ በኋላ ዕጢው እየሟሸሸ የሚሄደው በወራትና በዓመታት ስለሆነ የመጨረሻው ውጤት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በዚህ የመጠበቅ ጊዜ ጸበል የሚወስዱ፣ ዱዓ የሚያስደርጉ፣ ጸሎት የሚያዝዙ ቤተሰቦች አሉ፤ እምነታቸውን የሚከለክላቸው የለም፣ ከሐኪም ቀጠሮና ከታዘዘው መድኃኒት እስካልለያቸው ድረስ።

ጨረሩ ራሱም ዓይንን የሚጎዳበት መንገድ አለ። የጨረር የእይታ ነርቭ ጉዳት የሚባለው፣ ጨረሩ ነርቩን የሚመግቡትን ጥቃቅን ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ስለሚዘጋቸው የሚመጣ ጉዳት ሲሆን፣ ሕክምናው ካለቀ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ምንም ሕመም ብርሃንን በድንገት ሊወስድ ይችላል። መጠኑ ከ50 ግሬይ በታች ሲሆን እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ከ60 ግሬይ በላይ ሲሆን ግን በግልጽ ይበዛል፤ የአንድ ቀኑ ድርሻ ከ2 ግሬይ በላይ ሲሆንም አደጋው ይጨምራል። አንድ ጊዜ ከደረሰ በእርግጠኝነት የሚያድነው መድኃኒት ስለሌለ መከላከያው የጨረሩን መጠን በጥንቃቄ ማስላት ብቻ ነው። ሌላው ጉዳት የዓይን ሞራ ነው፤ የዓይን ሌንስ ለጨረር ስስ ስለሆነ ጨረሩ ካገኘው ከዓመታት በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል። ይህኛው ግን በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ስለሆነ፣ ጨረር የወሰደ ልጅ ዓይኑ ሲደክም ያው የዱሮው ሕመም ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥ ስሕተት ነው፤ የሚታከመው ሞራ ከማይታከመው የነርቭ ጉዳት ተለይቶ መታወቅ አለበት።

በትናንሽ ልጆች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ ደክሞ ሲቆይ አንጎል የደካማውን መልእክት መቀበል እየተወ ይሄዳል፤ ይህም ስንፈተ ዓይን ይባላል። በዚህ ጊዜ ነርቩ ሊያሳየው የሚችለውን ያህል እንኳ ልጁ አያይም። ጠንካራውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰኑ ሰዓቶች በመሸፈንና ተገቢ መነጽር በማድረግ ደካማውን ማሠራት ይቻላል፤ ይህ ግን በልጅነት ዕድሜ ብቻ ውጤት የሚሰጥ ስለሆነ ዕጢው ታክሟል ተብሎ የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ መተው የለበትም።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ማሽኑም ኮባልት 60 ከተባለው ጨረር አመንጪ ማዕድን ጋር የሚሠራ ነበር። ኮባልት 60 ኃይሉ በየ5 ዓመት ከጥቂት ወራት በግማሽ ስለሚቀንስ ማዕድኑ በአረጀ ቁጥር እያንዳንዱ ታካሚ በማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ ለብዙ ዓመታትም አገሪቱ በሙሉ በዚህ አንድ ተቋም ላይ ተማምና በመቆየቷ ተራ የሚጠብቁት ታካሚዎች ቁጥር እጅግ በዝቶ ነበር። በዝግታ ለሚያድግ ዕጢ የወራት መዘግየት ሕይወትን ላያጠፋ ይችላል፤ ለነርቩ ክሮች ግን እያንዳንዱ ወር ዋጋ አለው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር የሚያመነጭና ጨረሩንም በዕጢው ቅርጽ ልክ ለማሳረፍ የሚያስችል ማሽን በጥቁር አንበሳ ሥራ ጀምሯል፤ የጨረር ሕክምናም ከአዲስ አበባ ውጭ ጅማን ጨምሮ በክልል ከተሞች ወደሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ደርሷል። ጤነኛውን አካል ይበልጥ የሚቆጥበው የፕሮቶን ጨረር በኢትዮጵያ የለም።

ለኢሉባቦር ሕዝብ የጅማው ማዕከል ትርጉም ትልቅ ነው። ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ በያዮ፣ በበደሌና በአጋሮ በኩል ጅማ የሚደርሰው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጅማ ከዚህም በላይ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዓይን ሐኪሞች የሚያሠለጥን የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ሆኖም ለሕፃን የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ከማሽኑ ሌላ ማደንዘዣ ሰጪ፣ የጨረር መጠን የሚያሰላ የፊዚክስ ባለሙያና የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ስለሚጠይቅ፣ ልጁ ወደ ጅማ ይሂድ ወይስ ወደ ጥቁር አንበሳ የሚለውን የሚወስነው የላከው ሐኪም ነው። ቤተሰቡም ከመነሣቱ በፊት በሚሄድበት ሆስፒታል አገልግሎቱ በዚያ ሳምንት እየተሰጠ መሆኑን በስልክ ማረጋገጥ ይገባዋል፤ ማሽን ተበላሽቶ ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ አለና።

የስድስት ሳምንት ሕክምና ለገበሬ ቤተሰብ ከገንዘቡ ይልቅ በጊዜው ይከብዳል። እናት ከአንዱ ልጅ ጋር ከተማ ስትቀመጥ የቀሩት ልጆች፣ ከብቱና ማሳው ለሌላ ሰው ይተዋሉ፤ ብዙዎች ሕክምናውን ከመካከል የሚያቋርጡትም ስለዚህ ነው። የተቋረጠ ጨረር ግን ጉዳቱን አድርሶ ጥቅሙን ሳይሰጥ የሚቀር ሕክምና ነው። በአዲስ አበባ ለሚታከሙ ልጆች የሚደርሱ በጎ አድራጊ ማኅበራት አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ አቶ ወንዱ በቀለ በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር ባጡት ልጃቸው ስም እ.ኤ.አ. በ2004 የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። በየወረዳው የሚገኙ እድሮችና የሃይማኖት ተቋማት ለቀብርና ለሐዘን የሚያደርጉትን መተባበር፣ በሕይወት ላለና ዓይኑ ሊተርፍ ለሚችል ልጅ ለእነዚያ ስድስት ሳምንታት ቢያውሉት የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው።

ልጁ ወደ መቱ ወይም ወደ ጎሬ ከተመለሰ በኋላ የሚደረገው ክትትል እንደ ሕክምናው ሁሉ አስፈላጊ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እይታው በየሦስት ወሩ ያህል፣ በኋላም እየተራራቀ ሊለካ ይገባል። የሚለካውም ሦስት ነገር ነው፤ ከሩቅ ምልክት የማንበብ ጥራቱ፣ ቀለም የመለየት ችሎታውና የእይታ መስኩ፣ ማለትም ፊት ለፊት እየተመለከተ በጎንና በጎን የሚያየው ስፋት። ፊደል ለማያውቅ ልጅ በሥዕል ወይም በመሥመር የተዘጋጁ ካርዶች ይሠራባቸዋል። ቁመቱና ክብደቱም ሊመዘገብ ይገባል፤ በዓመት ውስጥ ቁመቱ የማይጨምር ልጅ ወደ ሆርሞን ሐኪም መላክ አለበት፤ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የንግግር መቸገር በድንገት ካሳየ ደግሞ የአንጎል ደም ሥር ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ከትምህርት መቅረት የለበትም። ከፊል እይታ ያለው ተማሪ ከፊተኛው ወንበር ቢቀመጥ፣ የሚታየው ጎኑ ወደ ሰሌዳው እንዲሆን ተደርጎ ቢቀመጥ፣ መምህሩ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ቢያነብለት፣ ደብተሩ በወፍራም እስክሪብቶ በተሰመረ ሰፊ መሥመር ቢዘጋጅ፣ ከመስኮት የሚመጣው ብርሃን ከኋላው ቢሆን ከእኩዮቹ ጋር መዝለቅ ይችላል። ቀስ ብሎ የሚያነበው ስለሰነፈ ሳይሆን ስለሚደክመው በመሆኑ የፈተና ጊዜ ሊጨመርለት ይገባል። እይታው ፈጽሞ የጠፋበትም ቢሆን ብሬል፣ ማለትም በጣት የሚነበበው ጽሕፈት አለለት፤ በሰበታና በባኮ የሚገኙት የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤቶች ለዩኒቨርሲቲ፣ ለፍርድ ቤትና ለመምህርነት የበቁ ብዙ ዜጎችን ያፈሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይነ ሥውራን ብሔራዊ ማኅበርም ለመብታቸው ሲሟገት ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልጅን ከቤት ደብቆ ማስቀመጥ ዕጢው ያላደረሰውን ጉዳት መጨመር ነው።

ስለዚህ ልጃቸው ጨረር የወሰደ ወላጆች ከሆስፒታሉ ሲወጡ የተሰጠውን ጠቅላላ የጨረር መጠን፣ በስንት ቀን እንደተከፋፈለ፣ ያበቃበትን ቀንና ከሕክምናው በፊት የተለካውን እይታ የያዘ የጽሑፍ ማጠቃለያ እንዲጠይቁ፣ ወረቀቱንም በፕላስቲክ ሸፍነው እንዲያኖሩና በየቀጠሮው ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራሉ። በልጃቸው ገላ ላይ 6 ወይም ከዚያ በላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያዩ፣ ወይም የልጃቸው ዓይን መሸወር ወይም መውጣት የጀመረባቸው ሁሉ ደግሞ እስከ መኸር ሳይቆዩ፣ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ወስደው የልጁን ዓይን ያስመርምሩ።